መድኃኒት ቀማሚውና ክትባት፦ የአሜሪካ ልምድና ለሀገራችን ያለው ትምህርት

ክትባት ሰው በሽታን ለመከላከል ካገኛቸው ዘዴዎች ሁሉ በጣም ብዙ ሕይወት ካተረፉት አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን አንድ ክትባት በቤተ ሙከራ ተመርምሮ፣ በፋብሪካ ተሠርቶና በመንግሥት ገንዘብ ተገዝቶ ከመጋዘን ስለ ገባ ብቻ ማንንም ከበሽታ አያድንም። ጥቅም የሚሰጠው በሰው ሰውነት ውስጥ በገባ ጊዜ ነው። ከመጋዘኑ እስከ ሰውዬው ክንድ ያለው የመጨረሻ መንገድ በኪሎ ሜትር ሲለካ አጭር ቢሆንም፣ ለማለፍ ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉ የከበደ ሆኖ ይገኛል።

ይህን የመጨረሻ መንገድ የሚያሳጥረው ማን ነው? ሥራው የሐኪሙና የነርሷ ብቻ ነውን? ወይስ በየሠፈሩ በሩን ከፍቶ የሚውለው መድኃኒት ቀማሚም ድርሻ አለው? በአንዳንድ አገሮች ይህ ጥያቄ መልስ ካገኘ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በተለይ በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ መድኃኒት ቀማሚ ክትባት መስጠቱ ዛሬ የተለመደ ሥራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ነገሩ በዚያ አገር እንዴት እንደ ተጀመረ፣ ምን እንደ ጠቀመና የት ላይ እንደ ደከመ ከገለጸ በኋላ፣ ለሀገራችን የሚሆነውንና የማይሆነውን ለይቶ ማሳየት ነው። መድኃኒት ቀማሚ ወይም ፋርማሲስት የምንለው የፋርማሲ ትምህርት በከፍተኛ ትምህርት ቤት ጨርሶ የሥራ ፈቃድ ያገኘውን ባለሙያ ነው እንጂ መድኃኒት የሚሸጠውን ሁሉ አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ክትባት ከሰው የሚርቀው በምን ምክንያት ነው?

ስለ ርቀት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው የመንገድ ርዝመት ነው። በእርግጥ መንገድ ዋና ምክንያት ነው፤ ይሁን እንጂ ብቸኛው ምክንያት አይደለም። ነገሩን በሦስት ከፍሎ መመልከት ይቻላል።

የመጀመሪያው የቦታ ርቀት ነው። ጤና ጣቢያው ከተራራ ማዶ ወይም ከወንዝ ወዲያ ከሆነ፣ ጨቅላ ሕፃን ያዘለች እናት በክረምት እንዴት ትደርሳለች?

ሁለተኛው የጊዜ ርቀት ነው። ክሊኒኩ ለቤቷ ቅርብ ቢሆንም፣ የሚከፈተው ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ከሆነ፣ በእነዚሁ ሰዓቶች በቀን ሥራ ላይ ለሚውል ሰው ያ ክሊኒክ እንደ ተዘጋ ይቈጠራል። ክትባቱ በነፃ ነው ቢባልም፣ የቀን ሙያተኛው ወረፋ ሲጠብቅ የዋለበትን ደመወዝ ያጣል።

ሦስተኛው የአመኔታ ርቀት ነው። ሰው የማያውቀው ሰው ስለማያውቀው መድኃኒት ቢነግረው ቶሎ አይቀበልም። የሚያውቀው ሰው የነገረው እንደ ሆነ ግን፣ ባይቀበለውም እንኳ ይጠይቃል፤ ይከራከራል፤ ያስብበታል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ክትባትን ከሌላ ሕክምና የሚለየው አንድ ጠባይ አለ። የታመመ ሰው ሕመሙ ራሱ እየገፋው መንገድ ይሄዳል፤ ወረፋ ይጠብቃል፤ ገንዘብ ይበደራል። ክትባት የሚሰጠው ግን ለጤነኛ ሰው ነው፤ ጤነኛውን ደግሞ የሚገፋው ሕመም የለም። በዚህም ላይ ብዙዎቹ ክትባቶች በአንድ ጊዜ አያልቁም። ለምሳሌ የጉበት በሽታ «ቢ» የተለመደው የአዋቂዎች ክትባት ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ለታመመ ሰው ኢምንት የሆነ መሰናክል፣ ለሚከተብ ሰው ሦስት ጊዜ እየተደጋገመ ትልቅ ይሆናል። ክትባትን ሰው ዘወትር ወደሚመላለስበት ቦታ ማቅረብ ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለ. የአሜሪካ መድኃኒት ቀማሚዎች መርፌ የጨበጡበት መንገድ

በቀድሞው የሥራ ክፍፍል ሐኪም ይመረምራል፤ ነርስ መርፌ ይወጋል፤ መድኃኒት ቀማሚ ደግሞ መድኃኒቱን አዘጋጅቶ ይሰጣል። በአሜሪካ የጤና ሙያዎችን ሥራ የሚወስነው በዋናው የየክፍለ ግዛቱ ሕግ በመሆኑ፣ ይህ ክፍፍል የተለወጠው በአንድ ቀን ዐዋጅ ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው። በ1994 ዓ.ም. በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት መድኃኒት ቀማሚዎች በተደራጀ ሁኔታ ለክትባት ሥራ መሠልጠን ጀመሩ። በ1996 ዓ.ም. የአሜሪካ መድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ለመላው አገር የሚሆን የምስክር ወረቀት ያለው ሥልጠና አቋቋመ። ከዚያም ክፍለ ግዛቶቹ አንዱ ሌላውን እየተከተለ ሕጋቸውን አሻሻሉ፤ በ2009 ዓ.ም. ሜይን የተባለው ክፍለ ግዛት በመጨረሻ ሲፈቅድ፣ በሃምሳውም ክፍለ ግዛቶች መድኃኒት ቀማሚ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለመስጠት የሚችል ሆነ።

የሥልጠናው ይዘት ምን እንደ ሆነ መግለጥ ይገባል፤ ምክንያቱም ለክርክሩ መነሻ የሆነው ይኸው ነው። መድኃኒት ቀማሚው ስለ መድኃኒቱ ጠባይ አስቀድሞ ተምሯል። የሚጨመርለት በክንድ ጡንቻና ከቆዳ ሥር መርፌ መውጋት፣ ክትባት የማይገባቸውን ሰዎች ለይቶ ማወቅ፣ ከክትባት በኋላ አልፎ አልፎ የሚደርሰውን ብርቱ የአለርጂ ድንጋጤ በኤፒነፍሪን መርፌ ማስታገሥ፣ የቆመ ልብና ትንፋሽ መልሶ ማስነሣት፣ እንዲሁም የሰጠውን ክትባት በክፍለ ግዛቱ መዝገብ ማስፈር ነው። በ2020 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ትእዛዝ ቢያንስ 20 ሰዓት የሚፈጅ እንዲህ ያለ ተግባራዊ ሥልጠና እንዲኖር ያስገድድ ነበር።

መድኃኒት ቤቱ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ2022 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ከመቶ አሜሪካውያን 48ቱ ከመድኃኒት ቤት በ1.6 ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ 89ኙ ደግሞ በ8 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይኖራሉ። ከቦታው ቅርበት ሌላ የጊዜው ቅርበት አለ። መድኃኒት ቤት በማታም፣ በቅዳሜና በእሑድም፣ በበዓል ቀንም ይከፈታል። በ2013 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት አንድ ትልቅ የመድኃኒት ቤት ኩባንያ ከነሐሴ 2011 እስከ ሐምሌ 2012 ዓ.ም. ድረስ የሰጣቸውን ከ6 ሚሊዮን በላይ ክትባቶች መርምሮ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ 30 ያህሉ የተሰጡት ክሊኒኮች በተለምዶ በሚዘጉበት ሰዓት፣ ማለት በማታ፣ በሳምንት መጨረሻና በበዓል ቀን ሆኖ ተገኘ። ይህ ቍጥር ከላይ የጊዜ ርቀት ያልነው ነገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያስረዳል።

የአሜሪካ ምሳሌ ብቻውን አልቀረም። በፖርቱጋል በ2007፣ በአየርላንድ በ2011፣ በእንግሊዝ በአገር አቀፍ የመንግሥት አገልግሎት በ2015፣ በፈረንሳይ ከሙከራ በኋላ በ2019 ዓ.ም. መድኃኒት ቀማሚዎች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወደ መስጠት ገብተዋል።

ተቃውሞም አልጠፋም። በነሐሴ 2020 ዓ.ም. የአሜሪካ የጤና ሚኒስቴር በመላው አገር የሚገኙ መድኃኒት ቀማሚዎች ከ3 እስከ 18 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ክትባት እንዲሰጡ በፈቀደ ጊዜ፣ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ብርቱ ተቃውሞ አሰምቷል። የተቃውሞው ፍሬ ነገር እንዲህ ነበር፦ ልጅ ለክትባት ወደ ሐኪም ሲመጣ ሐኪሙ ክብደቱን ይለካል፣ ዕድገቱን ይመለከታል፣ ዐይኑንና ጆሮውን ይመረምራል፤ ክትባቱ ወደ መድኃኒት ቤት ከሄደ ግን ይህ ምርመራ አብሮ ይቀራል የሚል ነው። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ትእዛዙም ይህን በማሰብ መድኃኒት ቀማሚው ለወላጆች ልጁን ወደ ሐኪም መውሰድ እንዳይተዉ እንዲነግራቸው አስገድዷል።

ሐ. የዌስት ቨርጂኒያ ምሳሌ

የመድኃኒት ቀማሚዎችን ጥቅምም ድክመትም አንድ ላይ ለመመልከት ከዌስት ቨርጂኒያ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። ይህ ክፍለ ግዛት ተራራማ ነው፤ ሕዝቡ ወደ 1.8 ሚሊዮን ይጠጋል፤ ብዙው ሰው በትናንሽ ከተሞችና በየሸለቆው ተበታትኖ ይኖራል። የድንጋይ ከሰል ሥራ እየቀነሰ በመሄዱ ድኽነት ጸንቶበታል፤ የሽማግሌዎቹም ቍጥር ብዙ ነው።

በታኅሣሥ 2020 ዓ.ም. የኮቪድ 19 ክትባት በተገኘ ጊዜ፣ የፌዴራሉ መንግሥት በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች የሚሰጠውን ክትባት ሁለት ታላላቅ የመድኃኒት ቤት ኩባንያዎች እንዲያከናውኑ ተስማምቶ ነበር። ዌስት ቨርጂኒያ ግን ይህን ስምምነት ትታ ሥራውን በክፍለ ግዛቷ ለሚገኙት መድኃኒት ቤቶች፣ በተለይም በግል ባለቤቶች ለሚተዳደሩት ትናንሾቹ ሰጠች። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ሁለቱ ኩባንያዎች በብዙዎቹ የገጠር ከተሞች መደብር አልነበራቸውም፤ የሠፈሩ መድኃኒት ቀማሚ ግን ለመጦሪያ ቤቱ ዘወትር መድኃኒት የሚያቀርብ በመሆኑ፣ ሽማግሌዎቹን በስማቸው ያውቃቸዋል፤ የሚወስዱት መድኃኒትና የማይስማማቸው ነገር በመዝገቡ ተጽፏል፤ ከሐኪማቸውም ጋር ይተዋወቃል። አዲስ የመጣ ድርጅት ብዙ ቀን የሚፈጅበት ዝግጅት ለእርሱ ቀድሞ የተጠናቀቀ ነበር። የክፍለ ግዛቱ ብሔራዊ ዘብ ደግሞ ክትባቱን ከማከማቻ ጣቢያዎች ወደየቦታው በማከፋፈል ረዳ።

ከዚህም የተነሣ ዌስት ቨርጂኒያ በታኅሣሥ 2020 መጨረሻ በ214 የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ለሚገኙት ፈቃደኛ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ሁሉ የመጀመሪያውን መርፌ ሰጥታ ጨረሰች። በዚያን ጊዜ ከእርሷ በሀብት የሚበልጡ ሌሎች ክፍለ ግዛቶች ሥራውን ገና እየጀመሩ ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን ወራት እያለፉ ሲሄዱ የዌስት ቨርጂኒያ ፍጥነት ቀነሰ፤ በ2021 ዓ.ም. በጋ ወራት ሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች አልፈዋት ሄዱ። የጐደለው ክትባትም መድኃኒት ቤትም አልነበረም። ለመከተብ የሚፈልጉት ከተከተቡ በኋላ የቀሩት የሚጠራጠሩትና የማይፈልጉት ነበሩ። ይህም የሚያስተምረን የቦታንና የጊዜን ርቀት ማሳጠር የአመኔታን ርቀት በራሱ እንደማያጠፋ ነው። የሚታወቀው መድኃኒት ቀማሚ አመኔታን ለማትረፍ የተሻለ ዕድል አለው፤ ነገር ግን ጊዜ ሰጥቶ መነጋገርን የሚተካ ነገር የለም።

በመላው አሜሪካ ሲታይ፣ በየካቲት 2021 ዓ.ም. የጀመረው የፌዴራል የመድኃኒት ቤቶች ክትባት ፕሮግራም ከ41 ሺሕ በላይ መድኃኒት ቤቶችን ያሳተፈ ሲሆን፣ በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ የኮቪድ ክትባቶች ሰጥቷል።

መ. መድኃኒት ቤት የሌለበት ሠፈር

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ መድኃኒት ቤቱ ከሕዝቡ አጠገብ አለ በሚል ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ባይኖርስ? በ2014 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ የተደረገ ጥናት፣ በተለይ ጥቁሮች ተለይተው በሚኖሩባቸው ሠፈሮች መድኃኒት ቤት እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ሠፈር «የመድኃኒት ቤት በረሃ» ይሉታል። በ2024 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በአሜሪካ ከነበሩት መድኃኒት ቤቶች ከሦስቱ አንዱ ያህል እስከ 2021 ዓ.ም. ድረስ መዘጋቱን፣ የመዘጋቱም አደጋ በጥቁሮችና በላቲን አሜሪካ ተወላጆች ሠፈሮች የበለጠ መሆኑን አመልክቷል። መድኃኒት ቤት የንግድ ቤት ነው፤ ትርፍ ከሌለው ይዘጋል፤ ትርፍ የሚያንሰው ደግሞ በድኾች ሠፈር ነው።

ሌላም እንቅፋት አለ። የአሜሪካ መንግሥት በ1993 ዓ.ም. በወጣ ሕግ መሠረት ለድኻ ልጆች ክትባት በነፃ የሚሰጥበት ፕሮግራም አቋቁሟል። ነገር ግን በዚህ ፕሮግራም የተመዘገቡት መድኃኒት ቤቶች ጥቂቶች ናቸው፤ የመመዝገቢያው ሥርዐት አድካሚ፣ ክፍያውም አነስተኛ በመሆኑ ብዙዎቹ ይሸሹታል። ስለዚህ ለሀብታሙ ልጅ የተከፈተው የመድኃኒት ቤት በር ለድኻው ልጅ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ይገኛል። ሕግ መፍቀዱ አንድ ነገር ነው፤ ድኻው እንዲጠቀምበት ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ሠ. የቅዝቃዜ ሰንሰለት

እስካሁን የተናገርነው ስለ መርፌው ነው። ነገር ግን የመድኃኒት ቀማሚ ዋና ዕውቀት መርፌው ላይ ሳይሆን በብልቃጡ ውስጥ ባለው ነገር ላይ ነው። ለሀገራችን ጉዳይ ይህ ክፍል ዋናው ስለ ሆነ በጥቂቱ እንመልከተው።

አብዛኞቹ ክትባቶች ከፋብሪካ ወጥተው ሰው ክንድ እስኪደርሱ ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለባቸው። ይህ ተያያዥ የማቀዝቀዣ መንገድ የቅዝቃዜ ሰንሰለት ይባላል። ሰንሰለቱ በአንድ ቦታ ቢበጠስ ክትባቱ ኃይሉን ያጣል፤ የጠፋውንም ኃይል እንደገና በማቀዝቀዝ መመለስ አይቻልም።

ብዙ ሰው ክትባትን የሚያበላሸው ሙቀት ብቻ ይመስለዋል። ለአንዳንዶቹ ግን ከመጠን ያለፈ ብርድም የከፋ ጠላት ነው። የመንጋጋ ቆልፍ፣ የዘጊ አነዳ፣ የትክትክና የጉበት በሽታ «ቢ» ክትባቶች ኃይላቸውን ለማበርታት ከአሉሚኒየም ጨው ጋር ተዋሕደው ይሠራሉ። እነዚህ በረዶ እስኪሆኑ ከቀዘቀዙ ጨው ይጓጉላል፤ ክትባቱም ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ትጉህ የሆነ ሠራተኛ ክትባቱን ከሙቀት ለማዳን ሲል ከማቀዝቀዣ ያወጣውን ደረቅ በረዶ ጥቂት እስኪቀልጥ ሳይጠብቅ ከብልቃጡ ጋር ቢያስቀምጥ፣ በመልካም አሳብ ክትባቱን ያበላሸዋል። በብልቃጡ ላይ የሚለጠፈው የሙቀት ምልክት፣ ማለት ሙቀት ሲነካው በክቡ ውስጥ ያለው ነጭ አራት ማዕዘን የሚጠቁረው፣ ሙቀትን እንጂ በረዶነትን አያሳይም። በረዶ መሆኑ የሚጠረጠረውን ክትባት ለመለየት፣ በእርግጥ በረዶ እንዲሆን ከተደረገ ሌላ ብልቃጥ ጋር አብሮ ነቅንቆ የትኛው ቶሎ እንደሚዘቅጥ መመልከት ያስፈልጋል።

የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ደርቆ በዱቄት መልክ ይመጣል፤ ሊሰጥ ሲል በመበጥበጫው ይበጠበጣል፤ ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ መጣል አለበት። በእንደኛ ባሉ አገሮች ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ለ10 ሕፃናት በሚበቃ ብልቃጥ ነው። አንዲት እናት አንድ ልጅ ብቻ ይዛ ብትመጣ፣ ሠራተኛዋ ለአንድ ልጅ ብልቃጡን ከፍታ ዘጠኙን መጣል ስለሚከብዳት «ሌሎች ሲመጡ ተመለሺ» ትላታለች። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት የሚል ነው፤ ሆኖም የብክነት ፍርሃት ብዙ ጊዜ ያሸንፋል፤ እናቲቱም ላትመለስ ትችላለች።

እዚህ ላይ የአሜሪካና የእኛ መንገድ የሚለያይበት አንድ ምክንያት ይታያል። በአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች የሚሰጡት የተለመዱ ክትባቶች አብዛኞቹ ለአንድ ሰው ብቻ በተሰናዳ ብልቃጥ ወይም በተሞላ መርፌ ይመጣሉ። ሰው በፈለገው ሰዓት ገብቶ ለመከተብ የቻለው ስለዚህ ነው። ለ10 ሰው የሚበቃ ብልቃጥ ግን ሰዎች በአንድ ቀን እንዲሰበሰቡ ያስገድዳል። ይህን ሳያስቡ የአሜሪካን ሥርዐት እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አይቻልም።

ረ. ስለ ሀገራችን

በኢትዮጵያ የክትባት ሥራ አዲስ አይደለም። ከዘመናዊው ሕክምና በፊት ፈንጣጣ ከያዘው ሰው ቁስል ጥቂት ወስዶ በጤነኛው ክንድ ማስገባት በአንዳንድ ክፍለ ሀገሮች ይታወቅ ነበር፤ ምንም እንኳ ይህ ልማድ አንዳንዴ በሽታውን ራሱን ያዛምት የነበረ ቢሆን። ፈንጣጣን የማጥፋቱ ዘመቻ በጥር 1971 ዓ.ም. በተጀመረ ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺሕ በላይ በሽተኞች ተመዝገቡ፤ በነሐሴ 1976 ዓ.ም. ግን የመጨረሻው በሽተኛ ታየ። ለዚህ ድል ከረዱት ነገሮች አንዱ ክትባቱ የደረቀና ሙቀት የሚችል መሆኑ ነው። ሁለት ጫፍ ያለው መርፌም አጠቃቀሙ ቀላል ስለ ነበር፣ የጤና ትምህርት ያልተማረ ሰው በጥቂት ጊዜ ሊለምደው ይችል ነበር። ክትባቱን በእግርና በበቅሎ ማድረስ የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ማን ይከትብ የሚለውን ጥያቄ የሚወስነው የሙያው ስም ብቻ ሳይሆን የክትባቱም ጠባይ ነው ማለት ይቻላል።

የሕፃናት መደበኛ ክትባት ፕሮግራም በ1980 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ2003 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ደግሞ፣ በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞች እንዲመደቡና ከሥራቸውም አንዱ ክትባት እንዲሆን ተደረገ። በአገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የጨረሱት በ2000 ዓ.ም. ከመቶ 14፣ በ2005 ዓ.ም. 20፣ በ2011 ዓ.ም. 24፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 39 ነበሩ። ዕድገቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በዚያው በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከመቶ 89 ሲሆኑ፣ በአፋር ከመቶ 15 ብቻ ነበሩ። በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ ግምት በ2022 ዓ.ም. አንድም የዘጊ አነዳ፣ የመንጋጋ ቆልፍና የትክትክ ክትባት ያላገኙት የኢትዮጵያ ሕፃናት ወደ 1.1 ሚሊዮን ይደርሱ ነበር።

እንግዲህ መርፌውን ለመድኃኒት ቀማሚው ብንሰጠው ይህ ጕድለት ይሞላልን? በእኔ አስተያየት በአፋር በረሃ ለሚኖረው ሕፃን አይሞላም። ምክንያቱም ጤና ኬላ ለማቋቋም ባስቸገረበት ቦታ መድኃኒት ቤትም የለም። የቺካጎው ጥናት በከተማ ያሳየውን በረሃ እኛ በቃሉ ሙሉ ትርጕም አለን። መድኃኒት ቤቶቻችን የሚበዙት በከተማ ነው፤ በከተማ ደግሞ የሕፃናት ክትባት በአንጻሩ የተሻለ ነው። የአሜሪካን ልምድ ሳይመረምሩ መከተል ለጠገበው ጨምሮ መስጠት ይሆናል።

ይሁን እንጂ መድኃኒት ቀማሚው ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። ሦስት ሥራዎች ይታዩኛል።

አንደኛው የቅዝቃዜው ሰንሰለት ነው። በ2007 ዓ.ም. የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተቋቁሞ፣ የክትባት ማከማቸትና ማሰራጨት ሥራ በኋላ ወደ እርሱ ተላልፏል፤ ድርጅቱ ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይባላል። ከመጋዘኑ ወዲያ ግን፣ በወረዳና በጤና ጣቢያ ደረጃ ማቀዝቀዣውን የሚቈጣጠረው ብዙ ጊዜ ሌላ ሥራ የተደራረበበት ሰው ነው። ሙቀቱን ጧትና ማታ መመዝገብ፣ የተበላሸውን ብልቃጥ መለየት፣ የሚያስፈልገውን መጠን አስቀድሞ ማስላት የመድኃኒት ቀማሚ ሙያ ነው። ይህ ቸል ቢባል የሚያደርሰው ጕዳት በዐይን አይታይም። እናቲቱ ሁለት ሰዓት ተጕዛ ልጇን ታስከትባለች፤ ካርዱም ይሞላላታል፤ ክትባቱ ግን በረዶ ሆኖ የነበረ ከሆነ ልጁ ያልተከተበ ያህል ነው። ያልተከተበውን ልጅ ሌላ ቀን እናገኘው ይሆናል፤ ይህን ልጅ ግን ካርዱ ሙሉ ስለ ሆነ ማንም አይፈልገውም።

ሁለተኛው ማሳሰብ ነው። ይህ ምንም ሕግ መለወጥ አያስፈልገውም። ለትኩሳት ሽሮፕ ልትገዛ የመጣችን እናት መድኃኒት ቀማሚው «የሕፃኑን የክትባት ካርድ ይዘዋል? የሚቀጥለው ቀጠሮው መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቃት የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው። ካርዱ ያልተሟላ ከሆነ በአቅራቢያዋ ያለውን ጤና ጣቢያና ክትባት የሚሰጥበትን ቀን ይነግራታል። በዌስት ቨርጂኒያ የተገኘውም ትምህርት ይኸው ነው፤ የመድኃኒት ቀማሚው ዋና ሀብቱ ሰዎቹን ማወቁ ነበር።

ሦስተኛው በከተማ ለአዋቂዎች ክትባት መስጠት ነው። የጉበት በሽታ «ቢ» ክትባት ለሚያስፈልጋቸው አዋቂዎች፣ የቀን ሠራተኛውና ነጋዴው ከሥራ ሲወጡ የሚደርሱበት መድኃኒት ቤት ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህ በጥንቃቄ መጀመር ያለበት ነው፤ መብራት ሲጠፋ የማይቋረጥ ማቀዝቀዣ ያለው፣ የሠለጠነ መድኃኒት ቀማሚ ዘወትር የሚገኝበት፣ ለአለርጂ ድንጋጤ መድኃኒት ያዘጋጀና የሰጠውን ክትባት ወደ መንግሥት መዝገብ የሚያስተላልፍ መድኃኒት ቤት ብቻ መመረጥ ይኖርበታል። በከተማው አስተዳደር ሥር ያሉት የከነማ መድኃኒት ቤቶች ለሙከራ የሚመቹ ይመስለኛል፤ ትርፍ ስላነሰ ብቻ ለመዘጋት አይቸኩሉምና።

ማጠቃለያ

ከአሜሪካ ልምድ የሚገኘው ትምህርት በአጭሩ ሲነገር ይህ ነው፦ ክትባት ሰው በሚመላለስበት ቦታና በሚመቸው ሰዓት ሲገኝ፣ የሚሰጠውም የሚያውቀው ባለሙያ ሲሆን ብዙ ሰው ይከተባል። ይሁን እንጂ መድኃኒት ቤቱ ራሱ ከድኾች ሠፈር ከራቀ፣ ወይም በሩ ለድኻው ልጅ ካልተከፈተ፣ ጥቅሙ ቀድሞውንም ላለው ሰው ይሆናል።

የእኛ ሕዝብ በብዛት የሚኖረው በገጠር ነው፤ የገጠሩ ከታቢም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ስለዚህ መድኃኒት ቀማሚው በመጀመሪያ ደረጃ ሊሠራ የሚገባው ከእርሷ መርፌውን መቀበል ሳይሆን፣ በእጇ የሚገባው ብልቃጥ ኃይሉን ያላጣ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በፋርማሲ ትምህርት ክፍል ያሉ ጓደኞቻችን ለመመረቂያ ጥናት ርእስ ሲመርጡ፣ በአንድ ወረዳ ያሉትን የክትባት ማቀዝቀዣዎች ለጥቂት ወራት ተከታትለው ሙቀታቸውን ቢመዘግቡ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የሙቀት መለኪያ፣ አንድ ደብተርና ጧት ማታ የማይታክት ሰው ነው።